ሰባት ጊዜ ሰም

የመኪናው ክሩስኮት፣ ሰዓቶቹ የሚገጠሙበት ፊቱ፣ ከጀሶው ቅርጽ አልወጣም። ሰባት ጊዜ ሰም መቀባት ሲገባት ሣባ ሁለት ጊዜ ብቻ ቀባች፤ ሥራው ከቅርጹ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ይህ ሳይበቃት በማግስቱ ሆስፒታል ሄዳ፣ አልጋ ላይ ለተኛው አባቷ "ወጣ" ብላ ዋሸችው። እሱም በነጋታው ሞተ።

አሁን ረቡዕ ከሰዓት ነው፤ ከቀብር ተመልሰዋል። ድንኳኑ ጢም ብሏል። እናቷ ትርሓስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፤ ሣባም አጠገቧ። ሰው ይገባል፣ እግዜር ያጽናችሁ ይላል፣ ይቀመጣል፣ ለወጉ ያህል አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ ስለ ስኳር ሰልፍ ወይም ስለ ቀበሌው ስብሰባ በሹክሹክታ ይጀምራል። ከላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ሁሉም አፉን ይዘጋና ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። የቦሌ ሰው ወሬውን ለሁለት መክፈል ማንም አያስተምረውም።

ሣባ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የምታየው አንድ ሰው ነበር። ጋሽ ሐምዛ ከመግቢያው አጠገብ፣ የአግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ነጭ ኮፍያቸውን አጥልቀውና መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ። ለቀብሩ እስከ መድኃኔዓለም አጥር ድረስ አብረው ሄደው፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ውጭ ቆመው ጠብቀዋል። ጀሶው ውስጥ ተጣብቆ የቀረው ክሩስኮት የእሳቸው መኪና ዕቃ ነው። ሣባ ዓይናቸው ባረፈባት ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ሰው የሐዘን ይመስለዋል።

ጎረቤታቸው እትዬ ፈለቀች በትሪ ቡና ይዘው ገቡ። የእድሩን ሴቶች የሚያዙት እሳቸው ናቸው፤ በለቅሶም ቢሆን ምላሳቸው አይተኛም። የዘንድሮ ቡና ብቻውን መምጣት ትቷል፣ ከገብስ ጋር ተጋብቶ ነው የሚመጣው፣ ብለው ለጋሽ ሐምዛ አቀበሉ። ጋሽ ሐምዛም ቀምሰው፣ ገብሱ ደህና ነው ቡናው ግን ትንሽ አበላሽቶታል አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ።

ትርሓስ ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ አለች።

"ዓርብ ሣልስቱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የጋራዡን ቁልፍ ለጋሽ ሐምዛ ስጫቸው፤ ዕቃቸውን ይውሰዱ። አባትሽ ሥራው አልቋል ብሎኛል። የሰው ዕቃ ለቅሶ ቤት አይሰንብት።"

ሣባ እሺ አለች። ሌላ ምን ትላለች? ቁልፉ በቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከእሑድ ጀምሮ ከእሷ አልተለየም። እስከ ዓርብ ሁለት ቀን አላት። ዓርብ ጋራዡ ተከፍቶ፣ ለሚሞት አባቷ የነገረችው ውሸት እንደነበር እናቷም፣ ጋሽ ሐምዛም፣ ድንኳን ሙሉ ሰውም ያያል።

አባቷ ዘርአጽዮን፣ ሣባ የስምንት ዓመት ልጅ እስክትሆን ድረስ አውሮፕላን ማረፊያው ጥገና ክፍል ሠርቷል። የአውሮፕላን የውስጥ ግድግዳ፣ የወንበር ክንድ፣ የመስኮት ክፈፍ የእሱ ሥራ ነበር። ከመስታወት የተፈተለ ጨርቅ ረዚን በሚባል፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ይነክራል፣ በቅርጽ ላይ ያለብሳል፣ ሲደርቅ ከቆርቆሮ የቀለለ ከእንጨት የጠነከረ ዕቃ ይወጣዋል። ፋይበር ግላስ ይሉታል። ዘርአጽዮን ግን "ጨርቁ" ነበር የሚለው፤ ልብስ ሰፊ ይመስል። በኋላ ከዚያ ለቅቆ በግቢው ጓሮ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ጋራዥ ሠራ። መለዋወጫ ከውጭ መግባቱ እየቀረ ሲሄድ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ደጁን ይጠኑ ጀመር። ሰው የተሰበረ የበር እጀታ፣ ፀሐይ የሰነጠቀው ጌጥ፣ አንዳንዴም ፎቶ ብቻ ይዞ ይመጣል። ዘርአጽዮን ፎቶውን አገላብጦ አይቶ፣ መቼ ይደርሳል ለሚለው ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፤ ሲደርስ።

የጋሽ ሐምዛ መኪና ፊያት ሚሌቼንቶ ናት፤ የክሬም ቀለም ያላት፣ ከሣባ በዕድሜ የምትበልጥ። በትርፍ ቤት አዋጁ ቤቶቻቸው ሲወረሱ እሷ ቀረች። ስለ ቤቶቹ ሲያወሩ የሰማቸው የለም፤ ስለ መኪናዋ ግን ስለ ጤናዋ እንደሚጨነቁላት አክስት ነው የሚያወሩት። አንድ መካኒክ ሬዲዮ እገጥማለሁ ብሎ ክሩስኮቷን በመጋዝ ቆረጠባቸው፤ የቀረውን ዝገት በላው። ሰዓቶቹ በሽቦ ታስረው ተንጠለጠሉ። ዘርአጽዮን መጀመሪያ ያየ ዕለት በሩን ከፍቶ ሹፌሩ ቦታ ላይ ቁጭ አለ፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ "ፊቷን እኮ ነው የሰነጠቋት" አለ። ጋሽ ሐምዛ ያን ቀን ወዳጁ ሆኑ። አራት ወር ሙሉ ከእንጨትና ከሸክላ ጭቃ ፊቷን እንደገና አበጀላት። በዚያ ላይ ጀሶ አፍስሶ ቅርጹን አወጣ፤ ጀሶው ሳይደርቅ ጀርባውን በመዳፉ ጠፍጥፎ አስተካከለ። የቀረው ሰም መቀባት፣ ጨርቁን ማልበስና ማውጣት ብቻ ነበር። ያኔ ልቡ ደከመና ተኛ።

ሐሙስ ጋሽ ሐምዛ ከማንም ቀድመው መጡ። እዚያው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጡ። ሣባ ውሃ ስታቀርብላቸው ትምህርት እንዴት ነው አሏት፤ የአራት ኪሎ የኬሚስትሪ ተማሪ መሆኗን አባቷ ለሰው ሁሉ ነግሯል። ደህና ነው አለች። ፈተና አለ ወይ አሏት፤ አለ አለች። ስለ ክሩስኮቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ይህ ከጥያቄ ይልቅ አበሳጫት። ይጠይቁኝና ይለቅልኝ እያለች፣ ብርጭቆውን ሳይጨርሱት ተቀብላቸው ሄደች።

ያለፈውን ቅዳሜ አስታወሰች። አባቷ ሆስፒታል ትራስ ላይ ተደግፎ፣ ሥራውን እንድትጨርስለት ጣቱን አየር ላይ እያዞረ አሳይቷት ነበር። ሰሙ ያው ለወለል የሚቀባው ቢጫ ሰም ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ፣ እያዞሩ። አንድ ጊዜ ቀብቶ አንድ ሰዓት መጠበቅ። ሰባት ጊዜ። ከሰባተኛው በኋላ ማሳደር። ለምን ሰባት አለችው፤ ስድስት ለምን አይሆንም? አንደኛውን ጀሶው ይጠጣዋል፣ ሁለተኛውንም ይጠጣዋል፣ ሦስተኛው ላይ መጥገብ ይጀምራል አላት። ሣባ በልቧ ሳቀች። ቁጥሩ ከቄስ የመጣ መሰላት። ሁለት ጊዜ በደንብ የተቀባ ነገር ተሸፍኗል፤ ሌላው የሽማግሌ ልማድ ነው። ደግሞም ሐኪሙ አባትሽ ሰኞን ማለፉን አላውቅም ብሏት ነበር፤ ይህን ለእናቷም አልተናገረችም። ሰኞ አባቷ ጋ ገብታ ወጣ ልትለው ፈለገች። ለሰባት ሰዓት ሙሉ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥበት ጊዜ አልነበራትም።

ቅዳሜውኑ ሁለቴ ቀባች፣ ረዚኑን አዋሃደች፣ ጨርቁን አለበሰች። እሑድ ከሰዓት የእንጨት ሽብልቅ በጠርዙ ሰካች፣ መታች፤ ሽብልቁ ተሰበረ። ሌላ ሰካች፤ እሱም። ክሩስኮቱና ጀሶው አንድ አካል ሆነዋል።

ሰኞ ጠዋት አባቷ ዓይኑን ሳይገልጥ የመጣችው እሷ መሆኗን አወቀ።

"ወጣ?"

"ወጣ።"

"ሲወጣ ምን አለ?"

ይህን አልጠበቀችም። "ምንም አላለም" አለችው። "ዝም ብሎ ወጣ።"

ዓይኑን ገለጠና አያት። የከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ደስ ያለው መሰላት። ቀኝ እጇን ስቦ ጣቶቿን አሸተተ። "ረዚን ትሸቻለሽ፣ ጓለይ" አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲወዳት ወይም ሲያማት በትግርኛ ነው የሚጠራት። "እጅሽን በደንብ ታጠቢ። ቆዳ ይበላል።" ከዚያ ተኛ።

ሐሙስ ከሰዓት የአባቷ የድሮ የሥራ ባልደረባ ጋሽ ተወልደ መጡ። አልቅሰው ሲያበቁ እንደ ሌላው ስለ ስኳር አላወሩም፤ ስለ ዘርአጽዮን አወሩ። ሰው ወንበሩን ጠጋ ጠጋ አደረገ።

ነገሩ የሆነው ሁለቱም ጎረምሳ ሳሉ፣ ጥገና ክፍል በገቡ በመጀመሪያው ወር ነው። ዘርአጽዮን የመጀመሪያ ሥራውን ከቅርጽ ሊያወጣ፣ ባልደረቦቹ ሁሉ ተሰብስበው ቆመዋል። ሽብልቁን ሰክቶ አንዴ መታ፤ ጧ አለ። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ሰምቶ የማያውቅ ሰው አልነበረም እዚያ፣ ይህ ግን ከጎማ ይብሳል። ዘርአጽዮን መዶሻውን ጥሎ ሮጠ። ማኮብኮቢያው አጠገብ ደርሶ ነው ዘወር ብሎ ያየው። ፈንድቷል ያለው ሥራ ጠረጴዛው ላይ እንደ መስታወት እያበራ ቁጭ ብሏል።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጠ። ትርሓስ ራሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ለመለየት ያስቸግራል።

"ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲያወጣ በር ይዘጋል" አሉ ጋሽ ተወልደ። "ሰው እንዲያየው አይፈልግም። እኔ ግን ከውጭ ሆኜ እሰማለሁ። በደንብ ሰም የጠገበ ሥራ ሲላቀቅ ይጮኻል። ዝም ብሎ የወጣ አላየሁም። ዝም ካለ አልወጣም ማለት ነው።"

ሣባ ተነሥታ ወጣች። ከማድ ቤቱ ጀርባ የውሃ በርሜሉን ተደግፋ ቆመች።

በሩን እንደሚዘጋ ታውቅ ነበር። ሥራ የሚያወጣው ሁልጊዜ ጠዋት፣ እሷ ትምህርት ቤት፣ እናቷ ገበያ ከሄዱ በኋላ ነበር። ስትመለስ ዕቃው ተጠርጎ ተወልውሎ ታገኘዋለች። ድምፁን አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። እሱ ግን ሲወጣ ምን አለ ብሎ ጠየቃት፤ እሷም መለሰች። ስለዚህ ያን ጊዜውኑ አውቋል። አውቆ ዝም አላት። አውቆም ለእናቷ አልቋል ብሎ ዋሸላት።

ከዚህ ሁሉ የከበዳት ሌላ ነገር ነበር። በሰምና በሰም መካከል ያለውን ያን አንድ ሰዓት ታስታውሰዋለች። ልጅ ሳለች አባቷ ለደንበኛም፣ ለወዳጅም፣ ለራዲዮ ዜናም ጊዜ የለውም፤ እጁ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። ሰም ቀብቶ ሲጠብቅ ግን ሌላ ምንም መንካት አይችልም፤ አቧራ ይነሣበታል። ያኔ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰው የጀሶ ዱቄት ፊደል ይጽፍላታል፣ እሷ በመዳፏ ታጠፋለች፣ እሱ እንደገና ይጽፋል። ጥፍሯን በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክልላታል። ማንበብ የተማረችው በዚያ ሰዓት ነው። እሷ ግን ያን ሰዓት አምስት ጊዜ ዘለለችው።

ዓርብ ጠዋት እናቷና እድርተኛው ወደ መድኃኔዓለም ሊሄዱ ሲነሡ ሣባ እንደማትሄድ ተናገረች። ትርሓስ ሰው ምን ይላል አለቻት።

"ራሷን አመማት በያቸው። የአባዬ ሥራ አለ። ሳልጨርሰው ቁልፉን አልሰጥም።"

ትርሓስ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የልጇን ፊት አይታ ዘጋችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ግቢው ባዶ ሆነ። ማድ ቤት ውስጥ እትዬ ፈለቀች ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ሐምዛ ብቻቸውን ቀርተዋል። ሣባ ሄዳ ፊታቸው ቆመች። መቀመጥ አልፈለገችም።

"ጋሽ ሐምዛ፣ ዕቃዎ አልወጣም። ሰሙን ሁለቴ ብቻ ነው የቀባሁት። አባዬን ወጣ ብዬ ዋሸሁት።"

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን እስከ ጫፉ አደረሱና ኪሳቸው ከተቱት።

"አውቃለሁ" አሉ።

ሣባ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"ሰኞ አንቺ ከወጣሽ በኋላ ልጠይቀው ገባሁ። ልጄ ዝም ብሎ ወጣ አለችኝ ብሎ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። ነርሷ መጥታ ሁለታችንንም ተቆጣችን።"

"ሳቀ?"

"ሳቀ እንጂ። ከዚያ ሰባቱን አልቀባችም፣ የቸኮለችው ለእኔ ብላ ነው አለ። ጀሶውን ትስበረው፣ ቅርጹ ከእንግዲህ ለእኔ አያስፈልገኝም አለ። ሥራው ከውስጥ ደህና ነው፣ ረዚን ስታዋህድ እጇ ልክ ነው አለ። ይህን ሲል ኮራ ብሎ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ራሷ እስክትነግርህ ጠብቅ አለኛ። ካልነገረችህ ድንኳኑ ሲፈርስ አንተ ንገራት፣ ብቻዋን ይዛው እንዳትቀር አለኝ። ይኸው ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።"

"እኔኮ ለዕቃዎ የሚመጡ ነበር የመሰለኝ።"

"ዕቃ ምን ይሆናል፣ ልጄ። ሰዓቶቹ በሽቦ ተንጠልጥለውም ትሄዳለች። አንቺን ነው የጠበቅኩት።"

ሣባ ማልቀስ እንዳለባት ተሰማት፤ ግን እናቷ ከመመለሷ በፊት ያላት ጊዜ አጭር ነው። ቁልፉን አወጣች፤ ከድንኳኑ ካስማ አጠገብ የተቀመጠውን መዶሻም አነሣች። ከጋራዡ ደጃፍ እትዬ ፈለቀች ማማሰያቸውን እንደያዙ ደረሱባት። መዶሻውን በእጇ አይተው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ በለቅሶ ቤት መዶሻ፣ ሳይሠልስ፣ ጎረቤቱ ቤቱን ሊያፈርሱት ነው ይላል አሉ። ጋሽ ሐምዛ ከኋላ አንድ ወንበር ይዘው መጡ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ።

"የመጣ ሰው ቢኖር እኔ እመልስለታለሁ" አሉ። "ዘርአጽዮን ሥራ እያስረከበ ነው እለዋለሁ።"

እትዬ ፈለቀች መልስ አጡ። ይህ በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም።

ሣባ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ጋራዡ ሰምና ረዚን ይሸታል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ አርፏል። ጀሶው ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ እንደተወችው ነው። ጀርባውን አስተውላ አይታው አታውቅም ነበር። አባቷ እርጥቡን የጠፈጠፈበት የመዳፉ ዱካ ከጫፍ ጫፍ አለ፤ አራት ጣት፣ አውራ ጣት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲጠርግ የተወው መስመር። ሰው አያየውም ብሎ የሠራው ነው። መስበር ያለባት ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

መዶሻውን አስቀመጠች። ጣቶቿን በጣቶቹ ዱካ ላይ አሳረፈች፤ የእሱ ይሰፋል። እዚያው ቆየች። አውሮፕላን መጣ፣ ቆርቆሮውን አንቀጥቅጦ አለፈ። ሌላ መጣ፣ አለፈ። ሣባ እጇን አላነሣችም። በሕይወቷ ያለ ሥራ ቆማ እንዲህ ስትቆይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ መታች። ቀስ ብላ፣ ከጠርዝ ጀምራ፣ ጨርቁን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች። ጀሶው እየተሰነጠቀ ቁርጥራጩ ወደቀ፤ አውራ ጣት፣ መዳፍ፣ መስመር። ያልተላቀቀውን በእንጨት መፋቂያ ፋቀች። ከሥሩ ጥቁሩ ሥራ ብቅ አለ፤ የሰዓቶቹ ክብ ቀዳዳዎች፣ የዕቃ ማስቀመጫ ኪሱ ከንፈር፣ አባቷ አራት ወር የለፋበት ጠርዝ። ፊቱ በነጭ ነጠብጣብ ቆሽሿል እንጂ አልተሰበረም። በግራ በኩል አንድ ትልቅ ቁራጭ ቀርቶ ነበር። ከሥሩ ሽብልቅ ሰክታ አንዴ መታችው።

ጧ አለ።

ሣባ ደንግጣ ወደ ኋላ ዘለለች፣ ጀርባዋ ከቆርቆሮው ተላተመ። መዶሻው ከእጇ ወድቋል። አባቷ ማኮብኮቢያ ድረስ ሲሮጥ ታያት፤ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። መሬት ቁጭ ብላ እስኪወጣላት አለቀሰች። ውጭ ያሉት ሰምተዋል፤ ማንም በሩን አላንኳኳም።

ስትወጣ ጥቁር ቀሚሷ ከደረቷ እስከ እግሯ ነጭ ሆኖ ነበር። እትዬ ፈለቀች ሊያራግፉላት እጃቸውን ዘረጉ። ይቅር አለቻቸው። ከመድኃኔዓለም የሚመለሱት ሰዎች ነጠላ ከመንገዱ ጫፍ መታየት ጀምሯል። ጋሽ ሐምዛ ከወንበራቸው ሳይዞሩ ጠየቁ።

"ሲወጣ ምን አለ?"

"በግራ ጥግ በኩል ብቻ አንዴ ጮኸ። ሌላውን ሰበርኩት።"

"ልየው?"

"ገና ነው። ብርጭቆ ወረቀት ይፈልጋል፣ ከዚያ ቀለም። ለአርባው ይደርሳል።" ትንሽ አሰበችና አስተካከለችው። "ሲደርስ ይደርሳል፣ ጋሽ ሐምዛ።"

እጇን ወደ ኋላ ሰዳ በሩን ሳበችው፤ አቧራው እንዳይነሣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።